የሰንበቴው ቤት

«ሰፈረ» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ አለው። ሠራዊት ሲሰፍር ድንኳን ይተክላል፤ ነጋዴ እህል ሲሰፍር ቁና ያነሣል። መኖርና መለካት በአንድ ግሥ ተዳብለው ይኖራሉ። ዛሬ ታሪኩን የምተርከው ተቋም በለንደን ሁለቱንም ሠራ፤ በአራዳ ግን አንዱን ብቻ ይዞ ቀረ።

የለንደኑን በአጭሩ ላሳልፈው። እ.ኤ.አ. በ1884 የገና ዋዜማ፣ በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል በሚባለው የድኻ ሰፈር፣ የቅዱስ ይሁዳ ደብር አስተዳዳሪ ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪየታ ቶይንቢ ሆል የተባለ ቤት ከፈቱ። ስሙ በ30 ዓመቱ ለተቀጨው የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁር ለአርኖልድ ቶይንቢ መታሰቢያ ነው። ባርኔት የፈለጉት ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ወጣቶች ምጽዋት ልከው እንዳይቀሩ፣ ከድኾቹ መካከል ገብተው እንዲኖሩ፣ ማታ ማታ እንዲያስተምሩ፣ የቤት ኪራዩንና የደመወዙን ነገር እንዲያጠኑ ነበር። ቤቱን አይታ የተመለሰችው ጄን አዳምስ ከጓደኛዋ ከኤለን ስታር ጋር በ1889 በቺካጎ ሃል ሃውስን ከፈተች። የሃል ሃውስ ሴቶች የጎረቤቶቻቸውን ገቢና የትውልድ አገር ቤት ለቤት ጠይቀው በ1895 በካርታ አሳተሙት። በወጣትነቱ ቶይንቢ ሆል ያገለገለው ዊልያም ቤቨሪጅ ደግሞ አርጅቶ በ1942 ያወጣው ሪፖርት የእንግሊዝ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት መሠረት ሆነ። ሰፍረው ሰፈሩ ማለት ይህ ነው።

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ቤት «ሰፈራ» በሚል ቃል ይጠሩታል። ለእኛ ጆሮ ቃሉ የ1977ቱን የሰፈራ ዘመቻ፣ አንቶኖቩንና የጭነት መኪናውን፣ ያመጣልና አልወሰድኩትም። ደግሞም የሚያስፈልገን አይመስለኝም፤ የእኛው ቤት ስም አለው፤ የሰንበቴ ቤት ይባላል።

አዲስ አበባ ራሷ በሰፈር የተሠራች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ሲወረድ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ኮረብታ ኮረብታውን ያዙ፤ ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ስሞች የዚያ ልማድ ልጆች ናቸው። አራዳ ግን የአንድ ጌታ ሰፈር አልነበረም። አራዳ ገበያ ነበር። አሞሌው፣ ቡናው፣ ቆዳው፣ በቅሎው፣ አቡጀዲው እዚያ ይሸጣል፤ አዋጅ እዚያ ይነገራል፤ ወንጀለኛም እዚያው ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ገበያ ደግሞ ጌታ የሌለውን ሰው ይጠራል፦ ከገጠር የመጣ ተሸካሚ፣ ከዘመቻ አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ወታደር፣ ከባላባት ቤት የወጣች ገረድ፣ አኩፋዳውን ያነገተ የቆሎ ተማሪ። ለእነዚህ ሁሉ ቤታቸው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር።

ስለ ጊዮርጊስ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከአጥሩ ውስጥ ስላለው ክብር ነው። ታቦቱ አድዋ መዝመቱ፤ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ አድዋ ላይ በተማረከው ጣሊያናዊ በሰባስቲያኖ ካስታኛ እጅ ተነድፎ በ1903 ዓ.ም. ግድም መጠናቀቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 እዚያ ዘውድ መድፋታቸው፤ በዘውዱ በዓል ዋዜማ የምኒልክ ሐውልት ከደብሩ ፊት ለፊት መመረቁ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ያኔም ዛሬም በየወሩ 23 ቀን «ስለ ጊዮርጊስ!» የሚለው ድምፅ ከአጥሩ ሥር ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም። የአራዳው ሰንበቴ የተወለደው ከዚያ ድምፅና ከአጥሩ መካከል ነው።

ልማዱ ራሱ ግን ከአዲስ አበባ ይቀድማል፤ የገጠር ደብር ሁሉ ያውቀዋል። ካህናቱ ዘሩን ወደ ሐዋርያት ማዕድ ይወስዱታል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በማዕዱ ላይ መበለቶች ቸል ተባሉ የሚል ማጉረምረም ተነሥቶ ነውና ነገሩ መሠረት አለው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የማኅበርተኞች ቡድን በደብሩ ግቢ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ አጥር ተጠግቶ፣ ረዘም ያለች ጠባብ ቤት ይሠራል። በግድግዳው ዙሪያ መደብ ወይም አግዳሚ አለ፤ መካከሉ ለገበታ ተትቷል። እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ተረኛው ድፎውን፣ እንጀራውን፣ ወጡን፣ ንፍሮውን፣ ጠላውን ያቀርባል። ካህን ይባርካል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ የሞቱ ማኅበርተኞች በጸሎት ይታሰባሉ፤ ለነዳያን ድርሻቸው ይወጣል። ሰብሳቢው «ሙሴ» ይባላል። ሕዝቡን በበረሃ መና እያበላ ያሻገረውን ሰው ስም የማዕድ ሰብሳቢ መጠሪያ ያደረገው ማን እንደሆነ ባላውቅም ቀልድ አዋቂ መሆን አለበት።

የሰንበቴን ልዩነት ለማየት ከቤተ መንግሥቱ ግብር ጋር ማስተያየት ያሻል። ከጊዮርጊስ በስተ ምሥራቅ ካለው ኮረብታ፣ ከምኒልክ አዳራሽ፣ እሁድ እሁድ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር። ማን የት ይቀመጣል፣ ማን ጠጁን አስቀድሞ ይጠጣል፣ ማን ጥሬ ሥጋውን ከየትኛው ብልት ይቆርጣል፣ ሁሉም በማዕረግ የተወሰነ ነው። የግብር ጌታ ሁልጊዜ ያው ነው። የሰንበቴው ገበታ የሚሄደው በተራ ነው። ዛሬ ያበላ ሰው በሚቀጥለው እሁድ ይበላል፤ ዛሬ የበላች ጠላ ሻጭ በወሩ ተረኛ ስትሆን የሹሙን ሚስት ታበላለች። በግብር ላይ ማዕረግ የነገሠውን ያህል በሰንበቴ ላይ ተራ ነገሠ። ዘመድ ጥሎ አራዳ ለመጣ ሰው ይህች ተራ ቀላል ነገር አልነበረችም። ተረኛ መሆን ማለት በከተማው ውስጥ ስም ማግኘት ነው፤ ቀሪ ሲሆን የሚፈልገው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት በዚያው ግቢ አፈር የሚያለብሰው ሰው አገኘ ማለት ነው።

መቃብሩን በጥድፊያ ማለፍ አይገባም። ሰው አገሩ ላይ ቢሞት የሚቀበርበት ደብር፣ ከአባቱ አጠገብ፣ ይታወቃል። በከተማ ግን ያለ ወገን የሞተ ሰው ማን ይሸከመዋል? የኋላው እድር የተነሣው ከዚህ ፍርሃት ነው። ብዙ አጥኚዎች ጅማሬውን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ፣ በተለይም ከጉራጌ አገር በመጡ ሠራተኞች ዘንድ ያደርጉታል። እድርና ሰንበቴ ወንድማማቾች ቢሆኑም ጠባያቸው ይለያያል። እድር ድንኳን፣ ሰሃን፣ አግዳሚና የጥሩምባ ነፊ ያለው የሞት ድርጅት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሃይማኖት አይጠይቅም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። ሰንበቴ የደብሩ ልጅ ነው፤ በቁም ሳሉ የሚበላበት። እድር ሲበረታ ሰንበቴ መቃብሩን ለእሱ ለቅቆ ማዕዱን ይዞ ቀረ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የየካቲት 12 ቀን 1929 እልቂት በወረደበት ሰሞን ጊዮርጊስ በእሳት ነደደ፤ የምኒልክም ሐውልት በወረራው ዘመን ከቦታው ተነቀለ። ለተቋማችን ታሪክ ግን ከእሳቱ ይልቅ የከፋው ሌላው ውሳኔ ይመስለኛል፤ ጣሊያኖቹ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰዱት፤ አራዳውን ለነጮች ሱቅና ቡና ቤት አስቀሩት። ፒያሳ የሚለው ስም የዚያ ውርስ ነው። ሕንፃውማ ከነፃነት በኋላ ታደሰ፤ ሐውልቱ ተመለሰ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችም ገቡበት። ገበያው ግን አልተመለሰም። ተሸካሚው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የአሞሌ ነጋዴው ወደ አዲስ ከተማ ሲሄዱ ሰንበቴያቸው ጊዮርጊስ ቀረ። ማኅበርተኛው በሳምንት አንድ ቀን በእግሩ ወደ ቀድሞ ደጁ የሚመለስበት ልማድ ያኔ ጀመረ ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ወደ ለንደን ይመልሰናል። ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል እንግሊዛዊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቶይንቢ ሆል ብዙ በማይርቀው ቦው በተባለው ሰፈር ተቀምጣ፣ በዋጋው ብቻ ምግብ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከፍታ ነበር፤ አንዱን መጠጥ ቤት ደግሞ ወደ ሕፃናት ማዋያ ለወጠችው። በ1948 ዓ.ም. ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት አዘጋጀች፤ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። እ.ኤ.አ. በ1958 ልጇ ሪቻርድ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጋር ሆኖ ስለ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ እቁብና እድር በዚሁ መጽሔት ጻፈ። በምሥራቅ ለንደን ድኻ መካከል የኖረች ሴት ባዘጋጀችው መጽሔት ሰንበቴ የጥናት ርእስ ሲሆን ታሪክ ራሱ ክቡን የዘጋ ይመስለኛል። ባላገሩ በልቶ የሚነሣበትን ገበታ እንደ ተቋም ቆጥሮ ወረቀት ላይ ማስፈር ያኔ አዲስ ነገር ነበር።

ዘመኑም የመስፈር ዘመን ሆነ። በ1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈርን ችግር በደብተር ይዞ የሚዞር ባለሙያ ተገኘ። ከአራዳ ሽቅብ፣ አራት ኪሎ ላይ፣ ወወክማ ነበር፤ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1844 በለንደን በጨርቅ መደብር ሠራተኛው በጆርጅ ዊልያምስ የተመሠረተችው ማኅበር ናት፤ ከቶይንቢ ሆል 40 ዓመት ትበልጣለች። ለሠራተኛ ሰፈርና ለገዳም ሰፈር ጎረምሳ ወወክማ ማለት ቅርጫት ኳስ፣ ፒንግፖንግና መጽሐፍ ነበር። የባርኔትን ቤት በመልክ የሚመስል ቤት በዚህ ከተማ ቢፈለግ እሱ ነው። መልኩን ቢመስልም የደብር ልጅ አልነበረም፤ ሽማግሌዎችን አያውቅም፣ ነዳያንን አያበላም። በ1964 ዓ.ም. ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የእማሆይ ቴሬዛ እኅቶች አዲስ አበባ ገብተው ከሚያስታምሟቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ጀመሩ። በእውነት «ሰፈሩ» የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ አጠገብ ሰንበቴ ምን አደረገ? ምንም። እሁድ እሁድ ዳቦውን ቆረሰ።

ይህን ስል ማመስገኔም ማማረሬም ነው። መጀመሪያ ምስጋናው። ደርግ ሲመጣ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ደብሮቹ የሚያከራዩት ቤት ሄደ፤ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ተነሥተው በኋላ ተገደሉ። ወወክማም ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤቱ ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ በ1990ዎቹ ነው እንደገና የተከፈተው። ከቀበሌው ስብሰባ የተረፈው ሰንበቴ ነበር፤ የሚወረስ ነገር አልነበረውማ! ሀብቱ አንድ ጠባብ ቤት፣ ጥቂት አግዳሚ፣ ጋን፣ ሰፌድና የተራ ደብተር ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ ይወረሳል፤ ተራ ግን አይወረስም።

አሁን ምሬቱ። የሰንበቴውን ቤት በር ቁሙበትና ተመልከቱ። ከደፉ ወዲህ ማኅበርተኛ፣ ከደፉ ወዲያ ነዳይ። የውስጡ ሰው ስም አለው፣ ተራ አለው፣ ቀሪ ሲሆን ይቀጣል። የውጪው ሰው ስም የለውም፤ የጋራ ስሙ «ነዳያን» ነው። አንድ ሽማግሌ በአንድ ደብር ደጅ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ከአንድ ሰንበቴ እጅ ሠላሳ ዓመት ዳቦ ሊቀበል ይችላል፤ ከየት መጣ፣ ምን ሠርቶ ያውቅ ነበር፣ ልጅ አለው ወይ ብሎ የጠየቀው ሙሴ ግን ስንት ነው? የሃል ሃውስ ሴቶች የጎረቤቶቻቸውን ደመወዝ ሲቆጥሩ የሕፃናትን ሥራ የሚከለክል ሕግ እስኪወጣ ይዘውት ሄዱ። እኛ ዘንድ ምጽዋት የሰጪው ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረ፤ ተቀባዩ በሂሳቡ ውስጥ የለም። ያችው ተራ፣ በግብሩ አዳራሽ ፊት ያን ያህል ያማረችው ተራ፣ ከደፉ አልፋ ወጥታ አታውቅም። ነዳዩ ተረኛ ሆኖ አያውቅም። ተቋሙ አንድ መቶ ዓመት ያልተራመዳት እርምጃ ይህች ናት፤ ጥፋቱን በድኽነታችን ላይ ብቻ መጫን አልችልም።

በዘመናችን የተለወጠ ነገር አለ። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማኅበራት ነዳያንን አጥቦ ማልበስን፣ በበዓላት ማብላትን፣ አንዳንዴም ማሳከምን ይዘዋል፤ ወረቀትና ብዕር የሚይዙትም እነሱ ናቸው። የሰንበቴው ሙሴ ግን ሥራው ያው እንደ ጥንቱ ነው። ብዙ ሰንበቴ ቤቶች በአሁኑ ጊዜ ቆርቆሮና ሴራሚክ ለብሰዋል፤ ጠላውን ለስላሳ መጠጥ ተክቶታል፤ ድፎውን ከዳቦ ቤት የሚያመጡም አሉ። በዚህ የሚያዝን ሰው አጋጥሞኛል፤ እኔ ዳቦው ከየት መጣ በሚለው አልጨቃጨቅም።

የሚያጨቃጭቀኝ ሌላ ነው። የካቲት 3 ቀን 2016 የአድዋ ድል መታሰቢያ ከደብሩ ወረድ ብሎ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ገባ፤ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ደብሩ ከሩቅ ይታያል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰንበቴ ማለት ከቅዳሴ በኋላ በእግር ቤቱ የሚደርስ ሰው ነበር። ዛሬ ማኅበርተኛው ድፎውን በፌስታል አሥሮ ሁለት ታክሲ ወይም አውቶቡስ ይሳፈራል። ሽማግሌዎቹ አንድ ክረምት ይቀራሉ፤ በሚቀጥለው ክረምት ስማቸው በጸሎቱ ይነሣል። የገበያው ስደት ያልገደለውን ሰንበቴ የታክሲው ርቀት ይገድለው እንደሆነ እንጃ። እስካሁን የሚመጡት ይመጣሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምን። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የሰንበቴ ደብተር አለ፤ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ በውስጡ የተረኛ ስም፣ የቀሪ ቅጣት፣ የሟች ቀን፣ የዳቦና የጠላ ወጪ የተጻፈበት። ድኻው የአራዳ ሰው በራሱ እጅ፣ ስለ ራሱ፣ ከሰፈረው ጥቂት ነገር አንዱ ይህ ነው። ቤት ሲፈርስና ዕቃ ሲጫን መጀመሪያ የሚጣለው የአሮጌ ወረቀት ጆንያ ነው። እባካችሁ አትጣሉት። ለደብራችሁ ጽሕፈት ቤት ስጡት፤ ካልሆነም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ፣ ወደ ወመዘክር፣ ውሰዱት። በአዲሱ ደብተር ላይ ደግሞ፣ ከተረኞቹ ስም በታች አንድ ባዶ ገጽ ተዉና፣ እሁድ ዳቦ የምትሰጡትን ሽማግሌ ስሙን ጠይቁት።